የፋናዬ መርዶ

ሀብተሥላሴ ምስጢር ይችላል። እንዲህ የሚለው ራሱ ነው፤ ግን ውሸት አይደለም። በደርግ ዘመን በሱዳን አድርጎ ላስ ቬጋስ ከገባ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ኖሯል። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን የወር ደሞዙን ጨርሶ እያለቀሰ እንደወጣ ያያል፤ ቁልፉን ይሰጣል፤ ዝም ይላል። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ አገኘ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሴንቴኒያል ሂልስ ካለው ቤቱ ሳሎን ጥግ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ሐበሾች ከሐኪምና ከዳኛ ጋር ያስተረጉማል።

የሥራው ሕግ አጭር ነው። የተባለውን ሁሉ ማለት፣ ምንም አለመጨመር፣ ምንም አለማስቀረት። ሐኪሙ አባትዎ ከዚህ ሳምንት አያልፉም ካለ፣ ሀብተሥላሴም በዚያው ድምፅ፣ ሳል እንኳ ሳይጨምር፣ አባትዎ ከዚህ ሳምንት አያልፉም ይላል። በእኛ ደንብ አምስት ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የአየሩን ነገር አንስቶ፣ የኑሮ ውድነቱን አንስቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ የሚደርስበትን ነገር እሱ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከባድ ነበር፤ ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። በኋላ ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ የሚያስፈራውም ይኼ ነው።

የሰው ገመና ወደ ቤት እንዳይፈስ ደግሞ ሄድሴት አለው፤ ሁለቱንም ጆሮ ግጥም አድርጎ የሚይዝ፣ ከንፈር አጠገብ ማይክ ያለው። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ፣ ከታች ጥግ፣ የስፒከር ሥዕል አለች። እሷን ሲጫናት ዝርዝር ይወርዳል፤ ድምፁ በየት በኩል ይውጣ ይለዋል። ጠዋት ሄድሴት የሚለውን ይነካል። ሥራ ሲጨርስ ስፒከር የሚለውን ይነካል፤ ያኔ ዜናውም መዝሙሩም ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህችን ያስተማረው ሬኖ ከተማ የሚሠራው ልጁ ሲራክ ነው። አንዴ ካወቃት በኋላ ግን ሀብተሥላሴ እንደ ራሱ ግኝት ቆጠራት፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ሳይጠየቅ ያሳያል። ይህቺን የማያውቅ አስተርጓሚ ስንት አለ መሰላችሁ፣ የሰው ምስጢር በየሳሎኑ የሚዘራ፣ ይላል። ጉራ ትንሽ ትንሽ ይወዳል።

ሚስቱ ፋናዬ ስትሪፑ፣ ካዚኖው ሁሉ የተደረደረበት ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። በቀን አሥራ አራት ክፍል ነው፤ አሥራ አራት አልጋ፣ አሥራ አራት ሻወር። ዕረፍቷ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ መዝሙር መስማት ትወዳለች፤ ስለዚህ ለገና ሲራክ ለመኝታ ቤቷ ትንሽ ስፒከር ገዛላት። ገመድ የላትም። ፋናዬ ቁልፏን ስትጫናት ስፒከሯ ራሷ ኮምፒውተሩን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ ድምፁም ከነበረበት ተነቅሎ ወደ እሷ ይሄዳል። ሲራክ ይህን አይቶ፣ አባዬ፣ ሥራ ስትጀምር ዲስኮኔክት አድርጋት፣ ከኮምፒውተሩ አላቅቃት ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆታል። ሀብተሥላሴ ግን የሚሠራው ፋናዬ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ስለሆነ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷ ከሌለች ስፒከሯን ማን ያበራታል?

አሁን ስለ መርዶው።

ፋናዬ የእናቷን ሞት የሰማችው በስልኳ ላይ ነው። ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ሠራተኛው በሚበላበት አዳራሽ፣ ምሳዋን ይዛ እንደተቀመጠች ፌስቡክ ስትከፍት አንድ የዘመድ ልጅ የእናቷን ፎቶ ለጥፎ ነፍስ ይማር ብሎ ጽፎ አገኘች። ጮኸች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ምን እንደሆነች አያውቁም፤ ቋንቋዋን የሚሰማ አንድም አልነበረም። ሱፐርቫይዘሯ ትከሻዋን ዳበስ አደረገችና የቀሩትን ሦስት ክፍሎች ማን እንደሚሠራቸው ጠየቀቻት። ፋናዬ ግራ ሲገባት ተነስታ ራሷ ሠራቻቸው። ማታ ቤቷ ገብታ ለባሏ የነገረችው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ እናቴ ሞታ ለሰው አንሶላ ቀየርኩ፣ አለችው። ከዚያ ቃል አስገባችው።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳልሰማ። መርዶ ሲመጣ ሰው ይዞኝ፣ አንተ አጠገቤ ሆነህ፣ እንደ ሰው ይነገረኝ። ብቻዬን እንዳታስለቅሰኝ።»

በሥላሴ ስም ማለላት። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ፤ መሐላው ግን በቤቱ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይኖር ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለለት። የፋናዬ ታላቅ ወንድም ይልማ አርፏል። ይልማ ለፋናዬ ወንድም ብቻ አይደለም፤ አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ሲድራት የአባትን ቦታ የያዘ እሱ ነው። ስኳር ነበረበት፤ ኩላሊቱንም ነካው። ሆስፒታል ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ በማግሥቱ ተቀበረ።

ሀብተሥላሴ ወዲያው ለእድራቸው ሰብሳቢ ለጋሽ ፍቅረማርያም ደወለ። ሌላ ከተማ ቢሆን መርዶ ለቅዳሜ ንጋት ይቀጠር ነበር። ቬጋስ ግን ቅዳሜና እሁድ አገር ምድሩ ለጨዋታ የሚጎርፍበት ነው፤ ሐበሻው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። ሰው ተለምኖ፣ ሺፍት ተለዋውጦ፣ የፋናዬም ዕረፍት ታይቶ፣ የሁሉም ቀን የተገናኘው ማክሰኞ ላይ ነው። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። አምስት ቀን መሆኑ ነው። ለሀብተሥላሴ አምስት ቀን ምን አላት፣ እሱ ምስጢር ይችላል።

ፋናዬ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ለወንድሟ የድምፅ መልእክት ትልክለታለች። ዓርብ ጠዋትም ላከች። «ይልምዬ፣ እንዴት አደርክ፣ ዛሬስ እህል ቀመስክ ወይ» ስትል ሀብተሥላሴ ጫማዋን እያቀበላት ነበር። ለምን እንደማይመልስላት ስትጠይቀው ሆስፒታሉ ስልክ ከልክሎ ይሆናል አላት። ስኳር መለኪያ ማሽን ገዝታለት ስለነበር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንዲያፈላልግ አደራ አለችው። አገኝልሻለሁ አላት። ውሸቱ ከአፉ የሚወጣበት ቅልጥፍና ራሱን አስደነገጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመርዶው ስብሰባ በኮምፒውተር እንዲሆን ተቀጠረ፤ ሁሉም ከሺፍት ክፍት የሚሆኑባት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች። ፋናዬ በዚያ ሰዓት ቤት ትሆናለች። ጋሽ ፍቅረማርያም ይህን አስበው፣ መኪናህ ውስጥ ገብተህ በስልክ ብታናግረን አይሻልም ወይ ብለውት ነበር። የሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ ሰው ይጠብሳል፤ ግን እውነተኛው ምክንያት ሙቀቱ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ ጆሮ ውስጥ የገባ አይወጣም» አላቸው። «አሥራ አንድ ዓመት የስንት ሰው ሞት የያዘ ሄድሴት ነው።»

ፋናዬ አሥር ሰዓት ላይ ገባች፤ ደክሟት ስለነበር ሳትበላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሀብተሥላሴ ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቀ። እንቅልፍ ወስዷታል ብሎ ሄድሴቱን ደፋ፤ ድምፁ በሄድሴት መሆኑን ከጥጓ ሥዕል አረጋገጠ። ጋሽ ፍቅረማርያም፣ የፋናዬ ጓደኛ አስካል፣ ሌሎችም ሁለት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። እሱ እሺ እና ጥሩ ነው ከማለት በቀር አይናገርም፤ ፋናዬ ብትነቃ እንኳ ሥራ ላይ ነው ትላለች። ሁሉንም ነገር አስቦበታል።

ስብሰባው ደኅና ሄደ። አስካል በቀኝ በኩል ትይዛታለች፤ በግራ የምትይዛት ሴት ተመረጠች። ቄሱ ጸሎት ያደርጋሉ። የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ ሀብተሥላሴ ሰኞ ማታ ለግራና ቀኙ ይናገር ተባለ፤ ባለፈው ዓመት አንድ ቤት መርዶ ሲነገር ሁለት የፖሊስ መኪና መጥቶ ነበርና። ጋሽ ፍቅረማርያም ስለ መኪና ማቆሚያ ጀመሩ። «ሁላችሁም ሱፐርማርኬቱ ጋ ፓርክ አድርጋችሁ በእግር ኑ፤ በሩ ላይ መኪና ካየች...» አሉና ድምፃቸው ቀጥ አለ።

አፋቸው ግን ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ቀኝ እጃቸውን እያነሱ ሌላ ነገር ያስረዳሉ። ሀብተሥላሴ ኢንተርኔቱ ነው ብሎ አሰበ። ሄድሴቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ድምፁን እስከ ጫፉ ከፍ አደረገው። ምንም የለም። ሁለቱ ጆሮዎቹ ግጥም ብለው ተዘግተዋል፤ የገዛ ትንፋሹን ብቻ ይሰማል።

«አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» አለ።

ጋሽ ፍቅረማርያም ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ያረጁ፣ ራሳቸውም ጆሯቸው ከበድ ያለ ሰው ናቸው፤ ድገሙልኝ ለሚላቸው አይሰስቱም። ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው ደገሙት። የደም ሥራቸው አንገታቸው ላይ ሲገተር ሀብተሥላሴ ያያል።

«አሁንም የለም። ጮክ ብለው ይበሉት።»

ጮክ ብለው አሉት። አፋቸው ስክሪኑን ሞላው። ሀብተሥላሴ በእጁ አንዴ ብቻ ብሎ ምልክት ሰጣቸው፤ እሳቸውም ሳይታክቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አድርገው ጀመሩ። ይህን ጊዜ ዓይኑ ወደ ጥጓ ሥዕል ሄደ። ተጫናት። ዝርዝሩ ወረደ። ድምፁ የሚወጣው በሄድሴት አልነበረም፤ በመኝታ ቤቱ ስፒከር ነበር።

ፋናዬ ነቅታለች ማለት ነው። እንደ ልማዷ መዝሙሯን ልትሰማ እጇን ዘርግታ ስፒከሯን አብርታለች። እሱ እስከ ጫፉ ከፍ ያደረገውም የእሷን ስፒከር ነው።

ሄድሴት የሚለውን ነካ። የጋሽ ፍቅረማርያም ድምፅ ጆሮው ውስጥ ፈነዳ።

«ማክሰኞ ንጋት የይልማን ሞት የምነግራት እኔ ነኝ፤ አስካል በቀኝ ትያዛት ነው የምለው። አሁንስ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ሀብተሥላሴ።

ሥራ ገጠመኝ ብሎ ስብሰባውን ዘጋው። ሄድሴቱን አወለቀ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ለቅሶ የለም፣ ጩኸት የለም። ይህን ሲሰማ ትንሽ ተስፋ አደረበት። ተነስቶ መኝታ ቤቱ በር ድረስ በካልሲ ሄደ። ልክ በሩ ጋ ሲደርስ ውስጥ ሻወሩ ሲከፈት ሰማ። ውሃው ወረደ፣ ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። እሱም በሩ ላይ ቆመ። እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ወዲያ በኩል ምንም አይሰማም፤ ሰው የሚጠብቅ ዓይነት ዝምታ ነው። ትወጣብኛለች ብሎ ፈራና በጣቱ እየረገጠ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ውሃው እንደገና ተከፈተ።

ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ብዙ ማስረጃ አይፈልግም። ሀብተሥላሴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ታሪክ ሠራ፤ ስፒከሯን አብርታ ወዲያው ሻወር ገብታለች፣ ውሃው ጆሮዋን ዘግቶት ነበር፣ አልሰማችም። ውሃው የተከፈተው እሱ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ያውቃል። በጆሮው ነው የሰማው። አውቆ ግን ተወው።

ፋናዬ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። ፊቷን አየው፤ ምንም እንዳያገኝበት እየጸለየ ነው ያየው። ራት ምን ልሥራ ብላ ጠየቀችው። ያለውን እንብላ አላት። ያለውን በሉ።

እሁድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ለይልማ የድምፅ መልእክት አልላከችም። አርፍዳ ነው አለ በልቡ። አላረፈደችም ነበር። ስኳር መለኪያው ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ተነስቶ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ቤት እያስተካከለች ነው አለ። እንዲህ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ ምክንያት እያቀበለ ዋለ። ለጋሽ ፍቅረማርያም ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቶ አስቀመጠ። ነገሩ ወደ እሁድ ማታ ወይም ወደ ሰኞ ሊዛወር ይችል ነበር፤ አስካል ብቻዋን እንኳ ብትመጣ ትበቃ ነበር። ግን ያንን ሁሉ ጉራ ነዝቶ፣ ያ የተመካበት ሄድሴት መርዶውን አፈሰሰው ብሎ እንዴት ይናገር? ደግሞ ካልሰማችስ? ካልሰማች፣ ሰው ሳይሰበሰብ ቢነግራት መሐላውን የሚያፈርሰው ራሱ ይሆናል። እንዲህ እያለ ፈሪነቱን ከመሐላው ሥር ሸሸገው።

እሁድ ማታ ወጥ ስታማስል ከኋላዋ ቆመ።

«ፋናዬ» አለ።

እሳቱን ቀነሰች። ማማሰያውን አስቀምጣ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች፤ እጆቿን እንኳ በጨርቅ ጠረገች። ጠበቀችው።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ሁልጊዜ በምገባበት ሰዓት» አለችና እሳቱን መልሳ ከፍ አደረገችው።

ሰኞ ሀብተሥላሴ ሥራው ላይ ነበር። ከሌላ ስቴት የመጣ የሆስፒታል ጥሪ ያዘ። አንዲት ሴት ባሏ ማሽን ላይ ነው፤ ሐኪሟ አእምሮው ከእንግዲህ አይመለስም ትላለች። ሀብተሥላሴ ሕጉ እንደሚያዘው ሳይጨምር ሳያስቀር አስተረጎመ። ሴትዮዋ ሐኪሟን ትታ ወደ እሱ ዞረች፤ ወንድሜ፣ አንተ የአገሬ ልጅ ነህ፣ እውነት ነው ወይ አለችው። ሕጉ ይህንንም እንዲያስተረጉም ያዘዋል፤ አስተረጎመ። እውነት ነው አለች ሐኪሟ። እውነት ነው አለ ሀብተሥላሴ። ጥሪው ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ለማያውቃት ሴት በዘጠኝ ደቂቃ የነገራትን ለሚስቱ በሦስት ቀን መንገር አቃተው። ይህን ያን ሰዓት አስቦታል፤ አስቦት ደግሞ ቀጣዩን ጥሪ አነሳ።

ማታ ፋናዬ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው አላት። በረኪና ነው አለች። የዓይን ጠብታ ከመድኃኒት ሣጥኑ አወጣላት፤ ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። እሱ ለጎረቤቶቹ ሊናገር ወጣ። በግራ በኩል ያሉት ሽማግሌ አሜሪካዊ በትሕትና አዳመጡትና ስለ ሐዘኑ አዝነው፣ ሚስትህ እንዴት ሆነች ብለው ጠየቁት። ገና አታውቅም አላቸው። ሰውየው ግራ ገባቸው፤ ይህን ቋንቋ የሚያስተረጉምላቸው አላገኙም።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሀብተሥላሴ ከሳሎን በኩል የብረት ድምፅ ሰምቶ ነቃ። አልጋው ላይ እሱ ብቻ ነው። ሲወጣ ፋናዬ ጋራዥ የነበሩትን ታጣፊ ወንበሮች እያወጣች በግድግዳው ዙሪያ ትደረድራለች። ሶፋውን ብቻዋን ገፍታ አስጠግታዋለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«ሰው ይመጣል» አለች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ዘጠኝ ሰዎች ሱፐርማርኬቱ ጋ መኪናቸውን አቁመው በእግር፣ ሳያወሩ፣ በእግረኛው መንገድ ተሰልፈው መጥተዋል። ፋናዬ ራሷ ከፈተች። ከፊት ጋሽ ፍቅረማርያም ነበሩ፤ የሚሉትን ሌሊቱን ሲያጠኑ ያደሩ ሰው ጥቁር ለብሳ ሲያዩዋት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አስካል በቀኝ በኩል ልትጠጋ ጀምራ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«ግቡ» አለች ፋናዬ። «ይልማ ማረፉን ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ነው የሰማሁት።»

«ከማን?» አሉ ጋሽ ፍቅረማርያም።

«ከእርስዎ። ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።»

ነገሩ አልገባቸውም፤ ወደ ሀብተሥላሴ ዞሩ። ሀብተሥላሴ ስለ ስፒከሯ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዴት እንደሚሄድ ማስረዳት ጀመረ። ሁለት ሦስት ቃል ብሎ ተወው። አስካል ወደ ፋናዬ ቀርባ ክንዷን ያዘቻትና ታዲያ ምነው ለአንዳችን እንኳ ብትደውይልን አለቻት፤ ራሷ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ፋናዬ የያዛትን እጅ በቀስታ ከላይዋ አነሳችው።

«ባሌ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሻወሩን የከፈትሁት ለቅሶዬ እንዳይሰማ ነው። ከበሩ ሥር እግሩን ሳይ ዘጋሁት፤ ይገባል ብዬ። ካልሲውን አያለሁ፤ ቆሟል። ከዚያ ሄደ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እሁድ አሥራ አራት ክፍል ሠራሁ። ሰኞ አሥራ አራት ክፍል ሠራሁ። በየክፍሉ ሻወሩን እየከፈትሁ ውሃው ሥር አለቀስሁ። ሃያ ስምንት ጊዜ። አሁን እንባ የለኝም፤ አትጠብቁኝ። ተቀመጡ፣ ቆማችሁ ደከማችሁ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ገብቷቸው ያዙት። ጋሽ ፍቅረማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፋናዬ ግድግዳው ሥር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጠመች፤ በረኪና የበላው ጣቷ ቆዳው ተልጧል።

መጀመሪያ የጮኸው ሀብተሥላሴ ነው። ከየት እንደመጣበት አላወቀም፤ ስንት ዓመት የተከተተ ነገር ይመስል እየተጎተተ ወጣ። ይልማን ጠራ። እናቷን ጠራ። የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ያለቀሰ መሰለ። መሬት ሊወድቅ ሲል አስካል በቀኝ፣ የግራዋ ሴት በግራ ያዙት። ፋናዬን እንዲይዙ የተመደቡት እነሱ ነበሩ። ጋሽ ፍቅረማርያም በርታ፣ ወንድ አይደለህም ወይ እያሉ ጀርባውን መቱት። ውሃ አምጡለት ተባለ።

ፋናዬ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሰዎቹ ባሏን ሲያባብሉ እያየች፣ ተራዋ እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብላ ተቀመጠች።